ያልጠቆረው

ዲቫካራንን ከሕመሙ ይልቅ ያሳሰበው የሆስፒታሉ ሱሪ ነበር። ሽርጡን ፈትቶ ያንን ሰማያዊ ሱሪ ካልለበሰ ወደ ኤም አር አይ ማሽኑ ክፍል እንደማይገባ ነርሷ ብትነግረው ብትነግረው አሻፈረኝ አለ።

«ዋርሳዬ፣ እስቲ አንተ ንገራት» አለው በሩ ላይ የቆመውን ቪናያንን። «ሽርጥ ላይ ምን ብረት አለ? ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው። እህትህን እንኳ ያገባኋት በሽርጥ ነው። ለማግኔት ስል ሱሪ ልልበስ?»

«ቼታ፣ ሱሪው ይሻልሃል። እዚያ ውስጥ ይበርዳል» አለ ቪናያን፤ የእህቱን ባል ቼታ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ነው የሚለው።

«ይብረዳ! ክረምቱን ሙሉ ኩታናድ ረግረግ ላይ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ የጀልባ ሞተር ስፈታ ሱሪ ያለበሰኝ ማን ነው?»

ነርሷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «እዚያ አንተ ነህ ሞተሩን የምትፈታው፤ እዚህ ግን ማሽኑ ነው አንተን የሚፈታህ። በል ልበስ!»

ለበሰ። ከወገቡ እየሰፋው፣ ከቁርጭምጭሚቱ እያጠረው፣ በግራ እጁ ጠቅልሎ ይዞት ገባ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን አይሰፋውም ነበር። ቪናያን ይህንን ልብ አለና ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

በዲቫካራን ክንድ ደም ሥር የሚንጠባጠበው ፈሳሽ የቪናያን ሥራ ነው። ወተት ያልነካው ሻይ ይመስላል። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የምርምር ተቋም ውስጥ የብረት ጨው በውሃ አሟሙቶ፣ አየር እንዳይገባበት አፍኖ፣ አሞኒያ ጠብ ጠብ እያደረገ ያጠቆረው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ዝገት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ዝገቱ ግን ከመድቀቁ የተነሳ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁም እያንዳንዳቸው የስኳር ልባስ ተደርጎላቸዋል። ደም ውስጥ ሲገቡ የጉበት ጠራጊ ሕዋሳት ትቢያ መስሏቸው ይውጧቸዋል። የዋጠው ጤነኛ ጉበት በኤም አር አይ ሥዕል ላይ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ዕጢ ጠራጊ የለውም፤ ስለማይውጥ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጤናውን አጥቁሮ ሕመሙን ለብቻው ማስቀረት።

ፈሳሹ ገና ሙከራ ላይ ነበር። ጥንቸሎቹን አልፎ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ አሁን ፈቃደኛ በሆኑ የጉበት ሕሙማን ላይ ይታያል። ዲቫካራንን ወደዚህ ያመጣው ቪናያን ራሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኮሺ በተለመደው ሥዕል በቀኝ በኩል አንድ ዕጢ አይተው፣ ሎሚ ያህላል ብለው፣ ሐሙስ ቆርጬ አወጣዋለሁ ብለዋል። ቪናያን ደግሞ እህቱን ላቲካን ቁጭ አድርጎ፣ «በእኛ ፈሳሽ ድንበሩ ጠርቶ ይታያል፤ ሐኪሙ የት ድረስ እንደሚቆርጥ አይቸግረውም» አላት። ላቲካ አላንገራገረችም። ቪናያን ያለውን መቼ አንገራግራ ታውቃለች?

እናታቸው ስትሞት ቪናያን ፊደል አልቆጠረም ነበር። ላቲካ ስትዳር ሌሎች ሙሽሮች የነሐስ ድስት ይዘው እንደሚሄዱ እሷ ወንድሟን ይዛ ሄደች። የዲቫካራን ቤተ ዘመዶች አጉረመረሙ። ዲቫካራን ግን ልጁን አገላብጦ አይቶ፣ «ጥሩ ነው፣ ከድስቱ ይልቅ ይኼ ይሻላል፤ ቢያንስ መፍቻ ያቀብለኛል» አለ። መፍቻ ግን አላስያዘውም። ትምህርት ቤት ሰደደው። ቪናያን ዛሬም የሞተር ዘይት ሲሸተው የመጀመሪያ ክፍል ደጃፍ ትዝ ይለዋል፤ ያደረሰው እጅ እንደዚያ ይሸት ነበርና።

እና ዲቫካራን ምን እንዳለበት አያውቅም። የስብ እብጠት ነው ተብሏል። በሰፈራቸው እንዲህ ያለውን በሽታ ስሙን ለታማሚው መንገር እንደ መግደል ይቆጠራል፤ ዘመድ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ዓሣ ሻጭዋ ሳትቀር ታውቃለች፣ የታመመው ሰው ብቻ አያውቅም። ላቲካ ይህን ስትሸከም ከርማለች። ሲያያት ትስቃለች፣ ዞር ሲል ታለቅሳለች።

«ወገቤን ያዘኝ» አለ ዲቫካራን አልጋው ላይ እንደተኛ።

«አንዳንድ ሰው ላይ ያደርጋል፤ ይለቅሃል» አለ ቪናያን፤ ነርሷም ጠብታውን ቀነስ አደረገችው። ለቀቀው። አልጋው ወደ ማሽኑ ጉሮሮ ተንሸራቶ ገባ።

ሥዕሎቹን የሚያነቡት ዶክተር ናፊሳ ነበሩ። ከመስተዋቱ ወዲህ ባለው ጠባብ ክፍል ቪናያን ከኋላቸው ቆሞ ስክሪኑን ያያል። የመጀመሪያው ሥዕል ሲወጣ ልቡ በደስታ ዘለለ። ጉበቱ ጠቁሯል። ጥንቸል ላይ እንኳ እንዲህ ጠቁሮለት አያውቅም። ሎሚዋ ደግሞ ጥቁሩ መሃል ነጭ ሆና፣ ዳሯ በቢላ የተቀረጸ ይመስል ጥርት ብላ ትታያለች። ዶክተር ናፊሳ ወደ ታች ገለጡ። አንድ ነጭ ነጥብ፤ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። ገለጡ። ሁለት ሌሎች። በግራ በኩል፣ ዶክተር ኮሺ ጤነኛ ነው ብለው ሊያስቀሩት ባሰቡት በኩል፣ ሌሎችም አሉ። የኮምፒውተሩ መዳፊት ድምፅ ቆመ።

«ቪናያን» አሉ ዞር ሳይሉ። «ያንተ ነገር ሠርቷል።»

አነጋገራቸው የለቅሶ ቤት አነጋገር ነበር።

ዶክተር ኮሺ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ናቸው። ላቲካንና ቪናያንን ቢሯቸው አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ። «ግማሹን ቆርጬ ባወጣ በቀረው ግማሽ ውስጥ ያሉት ይቀጥላሉ፤ ጉበቱም ደካማ ነው፤ ቁስሉ ሳይድን ሊሞትብን ይችላል። ስለዚህ አልቆርጥም። የሚዋጥ መድኃኒት እንሰጠዋለን፣ ጊዜ ይጨምርለታል፣ ብዙ ግን አይደለም።»

ላቲካ የሳሪዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች አዳመጠች። ለሐኪሙ እጇን አገናኝታ ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«አንድ ነበር» አለች።

«ምን?»

«አንድ ነበራ። ባለፈው ሥዕል አንድ። ያንተ ጥቁር ውሃ ከገባበት በኋላ ይኸው በረከቱ።»

«ቼቺ፣ ነበሩ እኮ። በፊተኛው ሥዕል አልታዩም እንጂ ነበሩ። ፈሳሹ አሳያቸው እንጂ አላመጣቸውም» አላት፤ ታላቅ እህቱን ከልጅነቱ ቼቺ ነው የሚላት።

«እንዴት አወቅህ? ገብተህ አይተሃል?»

«ቼቺ...»

«እሺ። እሺ፣ አንተ ነህ የተማርከው።» ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ውጪ ዝናቡ የቆርቆሮውን ክዳን ይቀጠቅጣል። ሰዎች እየዘለሏት ይወርዳሉ፤ እሷ አላየቻቸውም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ ነግረኸኝ ነበር» አለች። «ቤት መጥተህ ካሳቫ እየበላህ። ሥራው ተበላሸብኝ፣ ተጓጎለብኝ፣ ሥዕሉን ሁሉ አሳሳተው ብለህ አልቅሰህ ነበር።»

«አዎ። ከተጓጎለ ጉበቱ ጋ እኩል አይደርስም። ያልደረሰበት ቦታ ጤነኛም ሆኖ ነጭ ይመስላል።»

«እንግዲያው ይኼም ተጓጉሎ ነው በል።»

ቪናያን መጀመሪያ የሰማውን አላመነም።

«አልተጓጎለም ቼቺ።»

«ማን ያውቃል? የሠራኸው አንተ። ያጣራኸው አንተ። ተበላሽቷል ብትል ሐኪሙ ይከራከርሃል? ሥዕሉን ይጥሉታል፤ በፊተኛው ሥዕል ሐሙስ ይቆርጡታል። እኔ አንተን ምን ጠይቄ አውቃለሁ? አንድ ነገር ጠይቄ አውቃለሁ?»

ጠይቃ አታውቅም። እውነቷን ነው፤ አንጀቱን የበላውም ይኼው ነው።

«የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሊቀር ይችላል» አላት።

«ካልቆረጡትስ አይቀርም? ቢቆርጡት ሞከርን እላለሁ። ልጆቼን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ አባታችሁን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ሞከርኩ እላለሁ። አሁን ምን ልበል? አጎታችሁ ፎቶ አነሳውና ተመለስን ልበል?»

«ልየው» አለ። «መጀመሪያ ፈሳሹን ልየው።»

ለአንድ ታማሚ ከተሰጠ ጠርሙስ ሁሉ ጥቂት ተቀንሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆለፍበታል። ምስክር ይሉታል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ጥፋቱ የፈሳሹ ነው ወይስ የሌላ ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ የሚመረመረው እሱ ነው። ቪናያን ዝናቡን ሮጦ አቋርጦ፣ ጫማው እየተንቦጫረቀ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፤ ምስክሩን አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ያዘው።

በሥራ ዘመኑ ሁሉ ይህን ጠርሙስ እንዲህ ሲይዝ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬ የተመኘው ተቃራኒውን ነው። ታች አጋድሎ አየው፤ ዝቃጭ ቢኖር፣ አንዲት ጥቁር ክር ብትኖር። ማግኔት አስጠግቶ ጠበቀ። የተጓጎለ ከሆነ ወደ ማግኔቱ ተስቦ ጠርሙሱ ጎን ላይ ይለጠፋል፤ ጎብኚዎች ይኼን ሲያዩ ያጨበጭባሉ፣ ጎበዝ ብረት ይመስላቸዋል። ደህናው ግን አይነቃነቅም፤ ማግኔቱን እንዳላየ ሆኖ ሻይ መስሎ ይቀመጣል። ይኼም እንደዚያው ተቀመጠ። ቅንጣት በሚለካው ማሽን ላይ ጠብታ አደረገ። ቁጥሩ ወጣ። ደግሞ ለካ። ያው ነው። እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ እንዲህ የተስተካከለ ወጥቶለት አያውቅም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ዓይኑ ጥግ ላይ ባለችው ፍሪዘር ላይ አረፈ። ይህን ፈሳሽ አንድ ጊዜ በረዶ ካደረጉት አለቀለት፤ በረዶው ቅንጣቶቹን ጨምቆ ያጣብቃቸዋል፣ ሲሟሟ ተመልሰው አይለያዩም። በሥራው መጀመሪያ ሰሞን፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽብኝ ብሎ እንደ ደም ናሙና በረዶ ውስጥ ከቶት የዓመት ልፋቱን ገደል የሰደደው በዚህ ነው፤ ካሳቫው ላይ ያለቀሰውም ለዚያ ነው። አሁን ምስክሩን እዚያ ቢያስቀምጠው፣ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስ፣ ዶክተር ኮሺ ፊት ወስዶ ማግኔት ቢያስጠጋበት፣ ምንም መናገር አያስፈልገውም። ብረቱ ራሱ ይዋሽለታል። የሙከራው ፈቃድ ይነሣል፣ አብረውት የለፉት ሰዎች ሥራ ይቆማል፣ እሱም ከዚህ ተቋም ይወጣል። ይኼ ሁሉ ያን ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎ ታየው።

ተነሣ። የፍሪዘሩን በር ከፈተ። ቅዝቃዜው ፊቱን መታው። ጠርሙሱን በረዶ በያዘው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ በሩን ዘጋ፤ እጁን ግን ከመያዣው ላይ አላነሣም።

እህቱ የለመነችውን አሰበ። ሐኪሙ ያሉትን አሰበ። የእህቱን ልጆች አሰበ። ከዚያ ሆዱ የሚቀደደውን ሰው አሰበ፤ ሱሪ አልለብስም ብሎ ሲሟገት የነበረውን። ሱሪ እንዲለብስ እንኳ የተጠየቀ ሰው፣ ስለ ገዛ ጉበቱ ግን ማን ጠየቀው? ላቲካ አልጠየቀችው። ኮሺም አልጠየቁት። ቪናያንም ያንን ፈሳሽ ሲሰጠው የስብ እብጠት ነው ብሎ ነው ያስፈረመው።

በሩን ከፍቶ ጠርሙሱን አወጣ። ጠርሙሱ ገና ጤዛ እንኳ አልያዘም ነበር። ወደ ቦታው መልሶ ቆለፈበት።

ዲቫካራን በክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ ያማስላል፤ አይጠጣውም። ላቲካ ሻይ ልታመጣ ወርዳለች።

«መጣህ? ተቀመጥ። ይኼን ጠጣልኝማ፣ ላቲካ ስትመጣ ጨርሶታል በላት።» በዓይኑ ጠቀሰው። «ፊትህ ምን ሆኗል? ዝናብ ብቻ ነው?»

«ቼታ...»

«ሥዕሉን አሳየኝ።»

«የትኛውን?»

«የኔን ነዋ! ሆዴን ያነሣህበትን። ስልክህ ላይ አለ፤ አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነህም የሠራኸውን ነገር ሁሉ ለሰው ሳታሳይ አታድርም ነበር።»

ነበረ። ቪናያን ስልኩን አውጥቶ ሰጠው።

ዲቫካራን አራቀው፣ አቀረበው። «ወይ ጉድ! ሁሉም ከሰል ሆኗል እኮ። አለቀልኛ!»

«አይደለም። ጥቁሩ ጤነኛው ነው።»

«ጥቁሩ?»

«አዎ። ደህናው ጉበት ነው የሚጠቁረው።»

ዲቫካራን ሳቀ፤ ሳል እስኪያቋርጠው ሳቀ። «እይልኝ! በሠርጋችን ቀን አክስቶችህ፣ ሙሽራው ጥላሸት ነው፣ ልጅቷ ታሳዝናለች እያሉ እየሰማሁ ነበር ያንሾካሾኩት። እነሱን ጥራልኝና ይኼን አሳያቸው፤ ጥቁር ጤና ነው በላቸው።» እንደገና ስልኩን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። የሞተር ዘይት ጥፍሩ ሥር የማይለቀው ትልቅ ጣቱ ነጯን ሎሚ ነካት። ከዚያ ከሩዝ ፍሬዎቹ አንዷን። ከዚያ ሌላዋን። «ታዲያ ያልጠቆረውስ?»

ቪናያን ውሸት ሁለት ጊዜ አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰበት።

«ያልጠቆረው እሱ ነው ቼታ። በሽታው።»

«የስብ...»

«የስብ አይደለም።»

ስሙን መጥራት አላስፈለገም። አጥሚቱ ላይ ስስ ቆዳ ያዘበት። ዲቫካራን ስልኩን ጭኑ ላይ ደፍቶ ዝናቡን ያይ ጀመር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ያዘ።

«ላቲካ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ዛሬ ነው ያወቀችው?»

«አይደለም። ከመጀመሪያው።»

ይኼኛው ከዚያኛው ይልቅ መታው። «አብረን እየበላን» አለ ቀስ ብሎ። «አብረን እየተኛን። ለኦናም በዓል አዲስ ሳሪ ግዢ ስላት እየሳቀች፣ ምን ያስቸኩላል ስትለኝ...» አልጨረሰውም።

ቪናያን የቀረውን ነገረው። ሐኪሙ ያሉትን፣ የሚዋጠውን መድኃኒት። «ይቆረጥልኝ ካልክ ኮሺን እለምናለሁ፤ ሌላ ሐኪምም እንጠይቃለን» አለው። «አንተ ነህ የምትወስነው። አደጋው ግን ይኼ ነው።» የሚያውቀውን ሁሉ ሳይቀንስ ሳይጨምር ተናገረ። ዲቫካራን አቋርጦ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ያማል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠኛል። ለሁለቱም እርግጠኛ መልስ አልነበረም።

«በቢላ አልሞትም» አለ በመጨረሻ። «ፈርቼ ነው። ጀግና ሆኖ ነው እንዳትሉ፤ ፈርቼ ነው። ቤቴ ውሰዱኝ።»

ላቲካ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ስትገባ ሁለቱም ቀና አላሉም። ስልኩን ባሏ ጭን ላይ አየችው። ፔርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ወንድሟን አየችው፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ነገርከው።»

«ነገርኩት።»

«እንዳይፈራ ነበር በሆዴ የያዝኩት» አለች። «ሌላ ምን ነበረኝ? ማዳን ባልችል እንዳይፈራ ነበር የያዝኩት። ያቺንም ቀማኸኝ።»

ዲቫካራን እጁን ዘረጋላት፤ ይዛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ግን ወደ በሩ አዞረች። ብዙ ቀን ሲያለቅሱ የከረሙ ዓይኖች ለዚያ ቀን ደርቀውባት ነበር።

በማግስቱ አወጡት። ዶክተር ኮሺ መድኃኒቱን ራሳቸው አስረዱት፣ እጁን ጨብጠው ቆዩ። ቪናያን መኪና ልፈልግ አለ፤ ዲቫካራን አውቶቡስ ይበቃኛል አለ። ወደ አገራቸው ወደ አላፑዣ የሚሄደው ቀይ አውቶቡስ ዝናብ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ዲቫካራን ድምፁን አዳምጦ፣ «ይኼኛው ራሱ ከኔ አይሻልም፤ የጭስ ማውጫው ተቀዷል» ብሎ አስታማሚ ሳይፈልግ ደረጃውን ወጣ። ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ ዞረ። «ዋርሳዬ፣ እሑድ ና» አለው።

ላቲካ ከኋላው ነበረች። በአንድ እጇ ዣንጥላ፣ በሌላው የልብሱን ሻንጣ ይዛለች። ሻንጣው ከብዷት ትከሻዋ ዘንብሏል። ቪናያን ተጠግቶ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ላቲካ፣ ስጪው ይያዝልሽ» አላት ባሏ ከላይ።

ዣንጥላውን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠች፤ ዝናቡ ራሷ ላይ ወረደ። ሻንጣውን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ አዛወረችና፣ ነጻ በሆነው እጇ የአውቶቡሱን ብረት ጨብጣ ወጣች።